የሰው በረዶ

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ በሰው በረዶ ቀንቼ አውቃለሁ። ሰው በሰው ቤት ይቀናል፣ በሰው መኪና ይቀናል። እኔ ግን ሐሙሲት ከተማ ላይ ሦስት ቀን ተከታትሎ በወረደ በረዶ አንጀቴ ሲያርር ሰነበተ።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ሰማይ ሰማይ የምናይ ሰዎች የቴሌግራም ቡድን አለን። መምህር አለ፣ ሾፌር አለ፣ ደሴት ላይ የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታም አሉ። እኔ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ማን ሰፈር ምን ያህል እንደወረደ እንጽፋለን። በረዶ ከሆነ ደግሞ ሕጋችን ጥብቅ ነው። ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ እንይዛለን፤ በረዶው ሳይቀልጥ እህሉን ከጎኑ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ነው። ሽምብራ አከለ፣ ባቄላ አከለ እየተባለ ይመዘገባል። ገበሬ ቢሰማን በዱላ ነው የሚያባርረን። እሱ አርቅልን ብሎ ሲማጸን እኛ ና ና እንላለን።

ይህን ሕግ ያወጡልን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአየር ጠባይ ሲመዘግቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የመዳብ የዝናብ መለኪያ አላቸው። ዘንድሮ ጉልበታቸው ደከመና "ክረምቱ ሳይወጣ መለኪያውንና መዝገቡን ከእናንተ ለአንዱ አስረክባለሁ" አሉን። ስም አልጠሩም። እኔ ግን የእኔ ነው ብዬ ደምድሜ፣ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ካለው ግቢዬ መለኪያው የሚቆምበትን ሲሚንቶ አፍስሼ ጨረስሁ። ሚስቴ "ሳይሰጡህ?" ብትለኝ "ታዲያ ለማን ሊሰጡት ነው?" አልኋት።

ሐሙሲት የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት አለች። ቡድኑ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ዝናብ መለካት ያሳየኋትም እኔው ነኝ። ጋሼ ትለኛለች። ነሐሴ ላይ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ላከች፤ ሽምብራ ያከለ በረዶ። "እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ ጻፍሁላት፣ ከልቤም ነበር። ማክሰኞ ደገመች፤ ባቄላ አከለ። "ጎበዝ" ብዬ ጻፍሁ፤ ቃለ አጋኖውን ግን ተውሁት። ረቡዕ ሠለሰች፤ አሁንም ባቄላ። ያን ቀን ምንም አልጻፍሁም። ሽማግሌው ግን "ሦስት ቀን በተከታታይ! እጅሽ ይባረክ ልጄ" ብለው ጻፉላት። እኔን አንድ ቀን እጅህ ይባረክ ብለውኝ አያውቁም።

ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን እያወጣሁ ፎቶዋን አያለሁ፤ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ አወጣዋለሁ። ከእኛ እስከ ሐሙሲት እኮ ሚኒባስ ተሳፍረው እንቅልፍ ሳይወስድዎ የሚደርሱበት ነው። ያው አንድ ሐይቅ፣ ያው አንድ ሰማይ። እኔ ምን በድዬው ነው?

ሐሙስ ለምሳ ቤት ገብቼ ሳለ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ጉርሻዬን ሳልውጥ ዘልዬ ወጣሁ። በረዶ! ጎንበስ ብዬ ሳነሣው ግን ሽምብራ እንኳ በወጉ አያክልም። ያን ጊዜ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ሮጬ ጓዳ ገባሁና የባቄላውን ከረጢት መሬት ላይ ዘረገፍሁት። ሚስቴ "ምን ነካህ አንተ ሰው?" ትላለች፤ እኔ ተንበርክኬ የባቄላ ጭንጋፍ እፈልጋለሁ። አገኘኋት። ከምስር ትንሽ የምትሻል፣ የተጨማደደች። በረዶው ጎን አስቀመጥኋትና ፎቶ አንስቼ "ፋሲሎ፤ ባቄላ ያከለ፣ እንዲያውም የሚበልጥ" ብዬ ላክሁ። የመጀመሪያው መልስ የእሷ ነበር። "እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ይገባዎታል።"

እሑድ ሽማግሌው ቤታቸው ጠሩን። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ መዳቡ ተወልውሎ ከጎኑ ቆሟል። ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። መነጽራቸውን እያደረጉ "ከማስፈሬ በፊት የለካችሁበትን ባቄላ አሳዩኝ" አሉ። እንዲህ ጠይቀውን አያውቁም ነበር።

መምህርቷ ከካፖርቷ ኪስ አወጣች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባቄላዋ ሦስት ቀን በበረዶ ውሃ ርሳ፣ እርጥብ ኪስ ውስጥ ከርማ፣ ጎንቁላለች፤ ነጭ ሥር አውጥታለች። ሾፌሩ "ጉንቁል ልታበዪን ነው?" አላት። ሽማግሌው አልሳቁም። ባቄላዋን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና "ይህቺ በየቀኑ ስታብጥ ነው የከረመችው" አሉ። "እንግዲያው የረቡዑ በረዶ ከጻፍሽው ይበልጣል። አሳንሰሽ ነው የጻፍሽው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ኪሴ ውስጥ ያለችው ያችው ነበረች፤ ሌላ አልያዝሁም። አወጣኋት። ተቀብለው ከጉንቁሏ አጠገብ አስቀመጧት። ሽማግሌው ትንሿን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና የሐሙሱ መስመር ላይ "ፋሲሎ፣ ከሽምብራ ያነሰ" ብለው ጻፉ። መለኪያውንና መዝገቡን ለእሷ ሰጡ። "አንተ የእጅ ሙያ አለህ፤ ሄደህ ትተክልላታለህ" አሉኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ፣ መዳቡን ጭኔ ላይ ታቅፌ ሐሙሲት ሄድሁ። ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ብረቱን አቆምሁ፤ እሷ ውሃ ልክ ትይዝልኛለች። ብሎኑን እያጠበቅሁ፣ ቀና ሳልል ጠየቅኋት።

"ባቄላዬን ፎቶው ላይ አላየሻትም?"

"አየኋት ጋሼ።"

"መቼ?"

"የላኩልን ዕለት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ መለካት ያስተማሩኝ?" አለችና ሻይ ልታመጣልኝ ገባች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በበረዶው መቅናቴ ሳያንስ አሁን ደግሞ በጨዋነቷ ቀናሁ። ይኸን ጊዜ ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ለእሷ ይዝነብላት፣ መዳቡ ዛሬውኑ ይሙላላት ብዬ መመኘት ነበረብኝ። በአፌ አልሁት፤ ሁለት ጊዜ አልሁት። ልቤ ግን፣ ሐሙሲትን ዝለልና ፋሲሎ ና፣ ባዶው ሲሚንቶዬ ላይ ውረድ ይለው ነበር።