እናቴ ለመርዶ የለበሰችበት የምርጫ ጠዋት

ይህ የሆነው ባለፈው የምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን ነው። ዳላስ ውስጥ ያየሁትን ብዙ ነገር ረስቼዋለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት እናቴ መኪና ውስጥ የተቀመጠችው አቀማመጥ ግን ልርሳው ብልም እምቢ ይለኛል።

የምንኖረው ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ እኔና እናቴ። ከወሎ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሰይድ እዚያው ቀረ። ጦርነቱ ሰፈራችን የደረሰ ሰሞን ከቤት ወጣ፣ ስልኩም ተዘጋ፤ እንደተዘጋ ነው። ሞቶ አየሁት ያለ የለም፤ በሕይወት አየሁት ያለም የለም። እናቴ ታዲያ ቤታችን ውስጥ ለሰይድ ማልቀስ ከልክላለች። መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት ነው ትላለች። እኔ የማለቅሰው ሥራ ቦታ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ ነው።

ሶ፣ አንድ ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰውዬ ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ሐበሾችን ቁርስ ጋበዘ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ከድር፣ እናቶች የአገር ልብስ ለብሰው ቢመጡ ፎቶው ያምራል አሉ። እናቴን እንዳልነግራትም አስጠነቀቁኝ፤ ሰርፕራይዝ ይሁን አሉ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ከድር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጭ ለብሰው ቆመዋል። እናቴ ወጣች። እንደ ወትሮዋ ግቡ፣ አረፍ በሉ አላለችም። ጋሽ ከድር "እማማ ዘሃራ፣ ይልበሱ፤ የምንሄድበት አለ" አሏት። የት ብላ አልጠየቀችም።

ስትወጣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነበር የለበሰችው። አይቻለሁ። ቸኩላ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ አፏ አያርፍም፤ ያ ሕንጻ ምንድን ነው፣ ይሄ ሰውዬ ምን ያስቸኩለዋል፣ ቀስ ንጂ። የዚያን ቀን ቀበቶውን በሁለት እጇ ይዛ ጭጭ አለች። እነ ጋሽ ከድር በራሳቸው መኪና ከፊት ከፊታችን ይነዳሉ። አሞሻል እንዴ ብላት "ንጂ" ብቻ አለችኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተወዳዳሪው መናገር እንደጀመረ፣ ከተሰበሰበው ሰው መሀል ጥቂት ወጣት አሜሪካኖች ተነሱ። አልጮኹም። መድረኩ ሥር ሄደው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተኙና ነጭ አንሶላ ለበሱ። በየደረታቸው ወረቀት ተለጥፏል፤ በየወረቀቱ የአንድ ሰው ስም። በኋላ እንደገባኝ፣ ሰውዬው መሣሪያ ይላክ እያለ የሚከራከርለት በሌላ አገር ያለ ጦርነት አለ። ልጆቹ የዚያ ጦርነት ሙታን ሆነው ነው የተኙት። ጦርነቱ ይቁም እስኪል ድረስ አንነሳም ብለዋል። ሰዉ አጉረመረመ፣ ፖሊስ ተጠራ።

ዘወር ስል እናቴ ወንበሯ ላይ የለችም። አንሶላዎቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሮጬ ሄጄ ክንዷን ያዝኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"አትደብቂኝ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ" አለችኝ። "የቱ ነው የኔ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ፤ በጠዋት የመጡት ሽማግሌዎች፣ ይልበሱ መባሏ፣ ወዴት እንደምትሄድ የሚነግራት መጥፋቱ። እኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ለካ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ለብሳ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው የሰይድን ሞት ልትሰማ ነው። አጠገቧ ዘፍ አልኩ።

ስለ ሰይድ ምንም የተሰማ ነገር የለም፣ እነዚህም በሕይወት ያሉ ልጆች ናቸው፣ ለተቃውሞ ነው የተኙት እያልኩ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። ስሞቹን አንብቢልኝ አለች። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ አነበብኩላት። ሰይድ የሚል አልነበረም።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። "ምን አልኩ እኔ? ሌላዋ እናት ልጇን አጥታ እኔ ደስ ይበለኝ?"

ከዚያ በኋላ ተነሺ ብላት፣ ብለምናት፣ እምቢ። ፖሊሶቹ ወለሉ ላይ የቀረ ሁሉ ይታሰራል ብለው አስጠነቀቁ። ጋሽ ከድር ከሩቅ በእጃቸው ይጠሩናል። የዜግነት ጉዳዬ ገና አላለቀም፤ ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። እሷ ግን ጀናዛ ሳይወጣ ከለቅሶ ተነስቶ የሚሄድ የለም አለችኝ። እኔም ቁጭ አልኩ።

ልጆቹን አንድ በአንድ፣ እጅና እግራቸውን ይዘው ያወጧቸው ጀመር። እናቴ ለእያንዳንዱ ብድግ እያለች ዱዓ አደረገች። አንዷ ልጅ በሸክም ስታልፍ ዓይኗን ገልጣ እናቴን አየቻትና እንባዋ ወረደ። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ ወደኛ መጣ። እናቴ ለቅሶ ላይ ናት አልኩት። ትንሽ አያትና፣ ስትጨርሱ ውጡ ብሎ አለፈን።

ሁሉም ሲወጡ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። ተወዳዳሪው በኋላ በር ወጥቶ ሄዷል፤ ጦርነቱ ይቁም አላለም። እኛ ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ የታሰሩት ልጆች የፖሊስ መኪና ውስጥ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ያቺ ልጅ በመስኮቱ አየችን፤ እጇ ስለታሰረ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችን። እናቴ ቆማ ብዙ አየቻት።

"ተነሱ እኮ" አለችኝ፣ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የቱ ነው የኔ ስትለኝ ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ናፍቆት ነበር። ሬሳውም ቢሆን፣ አንሶላውን ገልጣ ልታየው ጓጉታ ነበር። እኔም ስሞቹን ሳነብ ልቤ ውስጥ የነበረው እሱው ነው። ሰይድ ናፍቆኛል፣ በጣም ናፍቆኛል።

አሁን ጠዋት በር ሲንኳኳ ቀድሜ እሮጥና፣ እማዬ ፓኬጅ ነው፣ ዕቃ አምጥተው ነው ብዬ እጮኻለሁ። እሺ ትለኛለች ከመኝታ ቤቷ። ሁልጊዜ ግን ነጠላዋን ለብሳ ነው የምትወጣው።