ከታደለች ፎቶ ላይ የተቆረጠው ውሻ

ታደለች ሞተች አሉኝ። ጠዋት እዚህ ኩዌት፣ ራይ ሰፈር በምሠራበት የወለል ምንጣፍ መደብር ጥቅል እያወረድኩ ነው የደወሉልኝ። «የትኛዋ ታደለች?» አልኩ፤ ሌላ ታደለች እንደማላውቅ እያወቅኩ።

ስልኳ ላይ ደወልኩ። አንዲት ነርስ አንስታ ምኗ እንደሆንኩ በዐረብኛ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ዘጋሁት። ትናንት ደም ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች ይላሉ። ሃምሳ እንኳ አልሞላትም።

ከሰዓት ፌስቡክ ስከፍት የጸሎት ኅብረታችን ሰው ሁሉ ሻማ ለጥፏል። ሻማችሁን አይቼ ነው ይሄን የምጽፈው።

ለማታውቋት ልናገር። ታደለች እዚሁ ኩዌት፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው አካባቢ ለዓመታት የሰው ቤት ሠርታለች። በኋላ ኩዌት ሲቲ፣ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ዶክተር ቢሮ በጽዳት ገባች። እዚያው ተማረች፣ ረዳት ሆነች። አርብ ከሰዓት ዶክተሯ የኋላውን ክፍል ትለቅላታለች። በየማዳሙ ቤት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች መጥተው ውጠው የያዙትን እንዲያወጡ ነው።

እንደመጣች ሰሞን የደረሰባትን እሷው እየነገረችን እንስቅ ነበር። ማዳሟ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እሷ እየጠቆመች «ከልባ» ትላለች። ታደለች «ከልቧ» ሲሉ ሰማች። ከልቧ ነው የምትሠራው እያሉ እያመሰገኗት መሰላት። አንገቷን ሰበር አድርጋ «ሹክራን» ትላለች። እንግዶቹ ይንከተከታሉ። ከርማ ከርማ፣ አንድ ቀን የማዳሟ ልጅ በመኪናው መስኮት የመንገድ ውሻ አይታ «ከልብ! ከልብ!» ስትል ነው የገባት።

ከዚያ ወዲህ የተሰደበች ልጅ እያለቀሰች ስትመጣ «ሹክራን ብለሽ እለፊያት» ትላለች። ልጅቷ ሳትወድ ትስቃለች።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ውሻ ያመጣችው።

ዶክተሯ የተጨነቀ ሰው ለማረጋጋት የሠለጠነ ውሻ አላት። ታደለች በአርቡ ክፍልም ይኑር አለች። የእኛ ሰው ውሻ ይፈራል፣ እኛ ዘንድ ውሻ አጥር ሥር ታስሮ የሚጮህ ነገር ነው፣ ማን ይቀርብልሻል አልኳት። እኔ ምክር ሳይሆን ምንጣፍ ነው የጠየቅኩህ አለችኝ።

መደብር መጣች። የሚያብረቀርቀውን የፕላስቲክ ወለል አሳየኋት። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ደንበኛ እያየ እንደ ውሻው በእጇና በጉልበቷ ወረደች። ተንሸራተተች። ተነሺ፣ ከሥራ ታስባርሪኛለሽ ብላት አልሰማችም። ያለውን ሁሉ ዳዴ እያለች ሞከረችው። በመጨረሻ ጂም ቤት የሚነጠፈውን ጥቁር ጎማ መረጠች።

ክፍሉን አብረን አዘጋጀን። ዶክተሯ የምትወደውን ቡኹር፣ የዐረቡን ዕጣን፣ ታደለች አስወጣች፤ ለውሻ አፍንጫ ይከብዳል። ያለቀሱበትን ሶፍት እንዳይበላ ክዳን ያለው ቅርጫት አመጣች። ወንበሩን በሩ አጠገብ አደረገች፤ የምትፈራ ልጅ መውጫው ቅርብ እንዲሆንላት። የውሻውን መተኛ ግን ሦስት ጊዜ አስነሳችኝ። መሃል ላይ ቢተኛ ምን ይሆናል ብዬ ተነጫነጭኩ።

«ሂድ ሲሉት የሚሄድበት ይኑረው» አለችኝ።

ጥግ ላይ አነጠፍንለት።

ቀጥሎ ያለውን አንዲት ልጅ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ለማንም የማትናገር ልጅ ነበረች። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። አንድ አርብ ውሻው ጠጋ ቢላት እጇን ወርውራ «ዞር በል!» አለችው። ሄዶ ጥጉ ላይ ተኛ። አየችው። ቆይታ በእጇ ጠራችው፤ መጣ። እንደገና ዞር በል አለችው፤ ሄደ። በዚህ አገር እሺ ያላት የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው አለችኝ ታደለች። በሚቀጥለው አርብ ልጅቷ ማውራት ጀመረች። ያለችውን ታደለች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ይሄኔ የኅብረታችን መሪ ሰማ። አርብ ጠዋት በምንሰበሰብበት ቤት ቆሞ፣ ክርስቲያን መጽናናትን ከውሻ አይለምንም አለ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ሁላችሁም ዞራችሁ አያችኋት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ከክፍሉ ቀሩ። ለኅብረቱ ጋግራ የምታመጣው ዳቦም ሳይቆረስ መመለስ ጀመረ። እጇ ውሻ ይነካል ተባለ።

አንድም ቀን አልተከራከረችም። ዳቦዋን በፎጣዋ ጠቅልላ ወደ ክፍሉ ትሄዳለች። መምጣት ያላቆመችው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። አብረው ይበሉታል።

ዛሬ መሪያችን ምን ብሎ ጻፈ? «ከእጇ ያልበላ የለም።»

ከሻማው ጋር የለጠፋችሁትን ፎቶዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ። ቀኝ እጇ ውሻው ራስ ላይ ነበር። ውሻውን ቆርጣችሁ ስታወጡ እጇም አብሮ ሄዷል። በየትኛው እጇ ነው ያጎረሰቻችሁ?

ከሥሩ አሜን ያላችሁትን አንድ በአንድ አየኋችሁ። ዳቦዋን ስትመልሱ እዚያው ነበርኩ። ሙሉውን ፎቶ እዚህ ለጥፌዋለሁ። ከነውሻው።

አርብ ከሰዓት መታሰቢያ ጠርታችኋል። ክፍሉ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ያቺ ልጅ ደውላ «ለቅሶ መሄድ አለብኝ ወይስ ክፍሉ ይከፈታል?» አለችኝ። ዶክተሯን ጠየቅኳት። አንድ ሰው ከመጣ ይከፈታል አለች።

ታደለች፣ ከለቅሶ አይቀርም። በእኛ ወግ ጠላት እንኳ ይደርሳል። እኔ ግን ካንቺው ለቅሶ እቀራለሁ። ልጅቷን ከአውቶቡስ ተቀብዬ እስከ ክፍሉ አደርሳታለሁ፤ እስክትጨርስ ውጭ እቀመጣለሁ። ሌላም ከመጣች እንደዚያው።

ደህና ሁኚ። እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ።