የወጥ ቤቱ መብራት

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የእኔም የስፌት መኪና ከእሷ ጎን ስለሆነ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ የምትሰፋውን ኮሌታ አየዋለሁ። ቀጥ ካለ ትንሽ ሸለብ አድርጓታል ማለት ነው። ጥጉ ከተንጋደደ ዓይኗን ሳትከድን ነው የነጋው።

ነገሩ የጀመረው ሁለተኛዋን ልጅ ስትወልድ ነው። ሕፃኗ ስታለቅስ ትልቁ ልጅ “ለምን ትጮኻለች?” ብሎ ይነሳል፤ እሱን ስታባብል ሕፃኗ ትቀጥላለች። ልጅ ያለው ሁሉ ያየው ነው፣ ያልፋል ተባለ። አለፈም፣ ለልጆቹ። ሁለቱም ለጥ ብለው መተኛት ቻሉ። እሷ ግን በዚያው ቀረች። ሕፃኗ ዝም ስትል “ምነው ዝም አለች?” ብላ ትነሳለች፣ ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ ማፍጠጥ ነው። ባሏንማ እንኳን የልጅ ለቅሶ መድፍ ቢተኮስ አይቀሰቅሰው።

ያልሞከረችው ነገር የለም። ከምሳ በኋላ ሻይ ተወች፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ወተት አፍልታ ጠጣች፣ ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆነባት። “አታስቢ” ይሏታል። አታስቢ የሚባለው መድኃኒት የሚሸጥበትን ቤት ቢያሳዩኝ እኔ ራሴ ተሰልፌ በገዛሁላት! በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ በወጉ አስቀምጣ አናገረቻት።

“እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ አልጋ ላይ አትገላበጪ። ተነሺ፣ ሌላ ክፍል ሄደሽ ደብዘዝ ያለ መብራት አብሪና ቁጭ በይ። ዓይንሽ ሲከብድ ብቻ ተመለሺ። ጠዋት ግን ተኛሽም አልተኛሽም በለመድሽው ሰዓት ተነሺ። ጊዜ ይፈጃል፤ ተስፋ አትቁረጪ።”

እህቴም እንደተባለችው ወጥ ቤት ውስጥ ትንሿን መብራት አብርታ መቀመጥ ጀመረች። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደሚኖሩበት ፎቅ ግቢና ወደ ግቢው በር ያያል። በሩ ጋ የዘበኛው ቤት አለች፤ ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። መብራቷ ሲበራ ባትሪያቸውን ወደ ላይ ብልጭ ያደርጉላታል፣ እሷም እጇን ታነሳለች። ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ ግን አብሯት የሚያመሽ ሰው እንዳለ ስታውቅ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር።

የፎቁ ሰው መብራቱን ሲያይ ወዲያው ሥራ አገኘለት። ዝናቡ መቼ ጀመረ? እሷን ጠይቋት። መብራት ስንት ሰዓት ተመለሰ? እሷን ጠይቋት። “የእኔ ሰውዬ ማታ ስንት ሰዓት ገባ?” የምትላትም ነበረች፤ ለእሷ መልሷ ሁልጊዜ “አላየሁም” ነው፣ ባሎቹም ለዚህ ሲሉ ይወዷታል። “የፎቁ ሰዓት” የሚል ስም አወጡላት። አንዷማ “ታድለሽ፣ ቀኑ ረዘመልሽ” አለቻት። እህቴ ሳቀች። እኔ ብሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምላት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባባ የሉም። ቤታቸው ውስጥ የባሏ ሞተር ሳይክል ቆሟል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከልጆቹ አስቀድሞ የሚሸፍነው ያ ሞተር።

“አባባ የት ሄዱ?” አለችው።

“ለቀቁ፤ እርጅና ነው እንግዲህ። ቤቱ ባዶውን ከሚውል ሞተሩን አስገባሁት።”

“ሳይሰናበቱኝ?”

“ቸኩለው ነበር።”

አመነችው። ባሏ አይደል? ከጥቂት ቀናት በኋላ አብረን ከስፌት ቤት ስንወጣ አባባን አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመው አየናቸው። ልትጠራቸው እጇን ስታነሳ ፊታቸውን አዞሩባት። “አላዩኝም” አለችኝ። አሳምረው ነው ያዩዋት።

የነርሷ ምክር ደግሞ ቀስ በቀስ መሥራት ጀመረ። ኮሌታዎቹ ቀጥ ቀጥ እያሉ መጡ፤ እኔም እንቅልፏን እንዳላስደነግጠው ፈርቼ አላወራም። አንድ ጠዋት ትልቁ ልጅ ጉንጯን እየነካካ “እማዬ፣ ተኝተሻል እንዴ?” አላት። ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይ ወጥታለች። በአንድ ጎኗ ተኝታ ሳትገላበጥ ነው ያደረችው። ከደስታዋ ብዛት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ትልቁን እጁን ይዛ፣ ባሏን ልታበስር እየሮጠች ወደ ግቢ ወረደች።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። የፎቁ የውሃ ፓምፕ ተሰርቋል። የፎቁ ነዋሪዎች ሰብሳቢ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

“መጣች! ነይማ ልጄ፣ ስንት ነበሩ?”

“እነማን ጋሼ?”

“ሌቦቹ ናቸዋ! አላየሻቸውም?”

“ተኝቼ ነበር” አለች ፈገግ ብላ። እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ሰው ጠበቀች።

“ተኝተሽ? እንዴት ትተኛለሽ? አንቺን ብለን አይደል እንዴ ዘበኛውን ያሰናበትነው!”

ክው አለች። “እኔን ብላችሁ?”

“ባልሽ ነዋ ስብሰባ ላይ የነገረን። ‘እሷ እንደሆነች አትተኛም፣ ግቢውን ስታይ ነው የምታድረው፤ ዘበኛ ምን ያደርግላችኋል? ለእኔ የዘበኛውን ቤት ለሞተሬ ብትፈቅዱልኝ ይበቃኛል’ አለ። እኛም የገዛ ባሏ ነው ብለን አመንን።”

ወደ ባሏ ዞረች። እሱ የሞተሩን መስታወት በእጅጌው ይወለውላል።

“አሁን ይሄ ምን ይካበዳል?” አለ ቀና ሳይል። “ያው መቀመጥሽ ላይቀር። ምን ተጨመረብሽ?”

ደረቱ ላይ ተደፍታ “ላብድ ነው መሰለኝ፤ ልጆቼን ሳላሳድግ እንዳልቀር” ብላ ያለቀሰችው ለእሱ ብቻ ነበር። ለእኔ እንኳን የነገረችኝ ኋላ ነው። ያንን ይዞ ነው ስብሰባ የወጣው፤ ያንን ነው በሞተር ማቆሚያ የለወጠው። እስካሁን ሳስበው አንጀቴ ያራል።

የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ጋራዡ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

“አባባ፣ ምን በድዬዎት ነው ፊትዎን ያዞሩብኝ?” አለቻቸው።

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። “ሥራዬን ፈልገሽው ከሆነ ራስሽ ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር ልጄ። ባልሽ ‘ልጠብቅ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት’ ሲለኝ አላመንኩም ነበር። ኋላ በዚያ ሳልፍ መብራትሽ በርቶ አየሁት፤ አመንኩ።”

እኔ ነኝ ነገሩን ያስረዳኋቸው፤ መሃል ላይ ባሏንም ጥሩ አድርጌ ሰድቤዋለሁ።

ሞተሩ ወጣ፣ አባባ ተመለሱ። ሰብሳቢውም ቤቷ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ባሏም በስንት ጭቅጭቅ “እሺ፣ አጥፍቻለሁ” አለ። አሁን የወጥ ቤቱ መብራት አይበራም። አባባ ባትሪያቸውን ብልጭ አድርገው መልስ ሲያጡ “ተመስገን፣ ተኛች” ይላሉ አሉ። ባሏም ባለፈው በስፌት ቤቱ በር ሲያልፍ ብቅ ብሎ “እህትሽ እኮ ዳነች! አሁን ጠዋት ነው የምትነሳው” አለኝ፣ ደስ ብሎት።

እሱ ከሄደ በኋላ የሰፋችውን ኮሌታ አነሳሁት። ጥጉ ተንጋዷል።

“እትዬ፣ አልተኛሽም እኮ” አልኳት።

“ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል” አለችኝ። “መብራቱን ሳላበራ ነው የምቀመጠው። ከእንግዲህ አለመተኛቴን ማንም አያውቅም።”

ኮሌታውን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁላት።