የኮሊን ስልክ ዝም ያለበት ክረምት

የአውስትራሊያዋ ባላራት የክረምት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። እንዲህ ባለ ከተማ የውሃ ማሞቂያ የሚጠግን ሰው ሥራ ያጣል ብሎ ማንም አያስብም። ጎረቤቴ ኮሊን ትሬምባዝም አላሰበም።

ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። ሽማግሌው ስማቸውን በኳስ ሜዳው አጥር ላይ አስጽፈው፣ ለኳስ ክለቡ በየዓመቱ መዋጮ እየሰጡ፣ ከሰዉ ጋር ቢራ እየጠጡ ኖረው ሞቱ። ኮሊን ግን በኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ማስታወቂያ አስገባ። ማሞቂያው የተበላሸበት ሰው ጠጋኝ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ የሚመጣው የኮሊን ቁጥር ሆነ፤ ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር ኮሊን ለድርጅቱ ይከፍላል። ስልኩ ፋታ አሳጣው። ራስል የሚባል ሠራተኛ ቀጠረ፤ ሁለተኛ መኪና ገዛ።

የክለቡ ሊቀ መንበር ኔቪል መዋጮውን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ኮሊን "አጥር እኮ ስልክ አይደውልም፣ ኔቭ" አለው።

"አባትህ ይህን ቢሰሙ!"

"አባቴ በሳምንት ሦስት ቤት ነበር የሚሠራው።"

ሚስቱ ሎርና "ሌላም ቦታ እንሞክር እንጂ፣ ኮል" ስትለው፣ "የምትታለብ ላም ይዤ ፍየል ላሳድድ?" ብሎ ሳቀባት። አንድ እንጨት ብቻውን እንደማይነድ የገባው ኋላ ነው።

ሰኔ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኩ ዝም አለ። የተበላሸ መስሎት ሎርናን "እስቲ ደውይልኝ" አላት። ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ ሁለቱም ቆመው አዩት።

ኮምፒውተሩን ሲከፍት "ደንብ ስለጣሱ ማስታወቂያዎ ታግዷል" ይላል። የትኛውን ደንብ እንደሆነ አይናገርም። አቤቱታ ጻፈ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያው ቃል ተመልሶ መጣ። ደግሞ ጻፈ፤ ያው። የሚያናግረው ሰው ፈልጎ አጣ።

በሐምሌ ራስልን አሰናበተው።

"ጥፋቴ ምንድን ነው?" አለ ራስል።

"ምንም አላጠፋህም።"

"ታዲያ?"

"የእኔንም ጥፋት አልነገሩኝም።"

ኮሊን ስሙን አጥሩ ላይ ሊያስጽፍ ኔቪል ጋ ሄደ። የአባቱን ቦታ ሌላ ጠጋኝ ይዞታል። "ሥራውን የተውክ መስሎን ነበር" አለው ኔቪል፣ ሳይቆጣ። "ከአባትህ ቀብር ወዲህ ማን አየህ?"

በዝናብ ቤት ለቤት እየዞረ ካርዱን አደለ። ማሞቂያቸውን በገዛ እጁ የጠገነላቸው ሰዎች እንኳ በሩን ከፍተው "ይቅርታ፣ ማን ልበል?" ይሉታል። ለእነሱ ከመፈለጊያው አናት ላይ የመጣ ሰው እንጂ ኮሊን አልነበረም። ያን ቀን ማታ ሎርና ራት አቅርባለት ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ አለቀሰ።

መኪኖቹንና መፍቻዎቹን ሸጦ ድንች ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከማጓጓዣ ቀበቶው ላይ የበሰበሰውን ድንች ይለቅማል።

በመስከረም አበባው ሲፈካ መልእክት ደረሰ፤ እገዳው ተነሥቷል ይላል። ለምን እንደታገደም፣ ለምን እንደተነሣም አይልም። ይቅርታም የለበትም።

"ምን ልመልስላቸው?" አለች ሎርና።

"ምንም" አላት። የፋብሪካውን ቱታ ለብሶ ወጣ።