ከሚኤሶ እስከ ሂርና ወፍጮ ስንጎትት

መኪና ምን ያህል መጎተት እንደሚችል ብትጠይቅ ሁሉም ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራልሃል። ስህተት ነው። የሚወስነው ፍሬኑ ነው። ይህን ነገር በማስተምርበት በአሰበ ተፈሪ የሚቀበለኝ ስላጣሁ በራሴ ፒክአፕ ላሳያቸው ተነሣሁ።

ምክንያት የሆነኝ የሂርናው ዩሱፍ ነው። የቡና ማሳውን ሽጦ ያዘዘው የእህል ወፍጮ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ደርሶለታል። የጭነት መኪኖቹ ሁሉ ለቡና ተይዘዋል። ወፍጮው ገደል ቢገባ ዩሱፍ የሚመለስበት ማሳ የለውም።

ሚኤሶ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሸሚዝ ያጣብቃል። በአሥር ሳንቲም ሻይ ጠጥተን ወደ ጣቢያው ሚዛን ሄድን። ሾፌሬ ጋሻው የከባድ መኪና ሰው ስለነበረ ሚዛን ይንቃል።

«ጋሼ፣ መኪና ነው ወይስ ሥጋ የምናስመዝነው?»

«ሁለቱንም፤ አንተም ውጣበት» አልኩት።

በሩ ላይ የተለጠፈው፣ ማንም የማያነበው ቆርቆሮ፣ መኪናው ከነተሳቢው ከነጭነቱ ከሠላሳ አራት ኩንታል እንዳይበልጥ ይላል። መኪናው ባዶውን አሥራ አምስት፣ እኔ፣ ጋሻውና ዩሱፍ ከነዕቃችን ሦስት፣ የተዋስነው ተሳቢ አምስት። ለጭነት የቀረን አሥራ አንድ ነው። ወፍጮው ከነድንጋዩ አሥር ተኩል መዘነ።

ጋሻው ለመኪናው እንዲቀለው ብሎ ወፍጮውን ተሳቢው ጭራ ላይ ሊጭነው ነበር። ጭራው ከከበደ መኪናውን እንደሚያወዛውዘው ተከራክሬ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት አስጫንኩት።

አሰበ ተፈሪ፣ ሰባት ሰዓት

ሩዝ በሥጋ በልተን ስንወጣ ሰባት ሰዎች ከነማሽላ ጆንያቸው መኪናው ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ አገር ባዶ ቦታ ይዞ ሰው አልፎ መሄድ ስድብ ነው። «ውጡ፣ ተሳፈሩ» ያላቸው ራሱ ዩሱፍ ነው።

«መምህር፣ ዩሱፍ ወፍጮ ሲያገኝ ሰው ጠላ ይሉኛል። ነገ እህል የሚያመጡልኝ እኮ እነዚህ ናቸው» አለኝ።

ተሸነፍኩ። አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ያለችግር ወጣነው።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮው ምን ነበር የሚለው?» አለ ጋሻው እያፏጨ።

አርበረከቴ፣ አሥር ሰዓት

ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ቀለል ያለው መውረጃ ላይ አንድ ድንጋይ አሳየሁትና እዚያ እንዲያቆም አዘዝኩት። ፍሬኑን ረገጠ። ድንጋዩን አልፈን ቆምን፤ ወርጄ በእርምጃ ለካሁት፣ ሠላሳ ሁለት። ፍሬኑ ሸተተን። ዩሱፍ ከፊቱ ያለውን ገደል ያያል።

ከተሳፋሪዎቹ ሽማግሌው ሐጂ ኡመር ከጆንያቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ።

«ሸክሙ እኛ ነን?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም? እኛ እግር አለን፤ ወፍጮው ነው እግር የሌለው። ቶሌ፣ ውረዱ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ሁሉም ጆንያቸውን ተሸክመው ወረዱ።

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀን ሌላ ድንጋይ መርጠን ሞከርን። ሰባት እርምጃ ብቻ። ጋሻው ማፏጨቱን ትቶ ማንም ሳያዘው ማርሹን ዝቅ አደረገ።

ሂርና

እየዳኽን ደረስን። በእግር መንገዱ ያቋረጡት ተሳፋሪዎች ቀድመውን ኖሮ ከተማው መግቢያ ላይ ተቀምጠዋል።

«መኪና ፈጣን ነው ሲሉን ነበር» አሉ ሐጂ ኡመር።

በማግስቱ ወፍጮው ተተክሎ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ዱቄት የእሳቸው ማሽላ ሆነ። ዩሱፍ ፊቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይስቃል፤ ሰው ጠላ ያለው አንድም አልነበረም።

አሰበ ተፈሪ ስመለስ ጋሻው ጠጅ ቤት ተቀምጦ «የሚወስነው ፍሬን ነው» እያለ እንደራሱ ግኝት ያስተምራል። ሰው መቃወም የምወድ ሰው፣ በሕይወቴ አንዴ ዝም አልኩ። ከጉዞው የተማርኩት ግን ሌላ ነው፤ ሰው እውነቱ ከተነገረው ይወርዳል፣ እኛ ነን ለመናገር የምናፍረው። ስለዚህ አንባቢ፣ ሾፌሩ ጭነት ሞልቷል ሲልህ አትለምነው፤ በእግርህ ሂድ።