ከሃምሳ ቀንሱ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታይትሬሽን፣ ማለትም አሲድን በቤዝ ጠብታ መለካት፣ አስተምሬአለሁ። ጠብታው የሚለካበትን ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ፣ ቢዩሬትን፣ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ይህ የሚገርመው ሰው ካለ እሱ ኬሚስትሪ የተማረው ሌላ አገር ነው።

ዕቃ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ከአሶሳ ወጣ ባለው ትምህርት ቤታችን «ላቦራቶሪ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አለ። ውስጡ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ቢዩሬቶች ከነፕላስቲካቸው ተኝተዋል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ይከፈታል፤ እንግዳው በመስታወቱ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይቆለፋል። አንድ ጊዜ ለተማሪዎች ላሳያቸው ብዬ ብጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ደነገጡ። «ቢሰበርስ? ሰነድ ላይ የሰፈረ ንብረት እኮ ነው!» አሉኝ። የተቆጣሁ መስዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ተገላገልኩ፤ ቢከፍቱልኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አሥራ አራት ሆነን አንድ ቢዩሬት ስንከብ፣ ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ቁጥር መዝጋቢ ሆንኩ። ሌላው ይጠራል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጽፋለሁ። ዲግሪዬ ላይ ይህ አልተጠቀሰም።

ስለዚህ በጠመኔ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ረጅም ቱቦ እስልና እንደማንኛውም መለኪያ ከታች ዜሮ፣ ከላይ ሃምሳ እጽፋለሁ። «እስከ ሃምሳ ትሞላላችሁ፤ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ታወርዳላችሁ፤ ቀለሙ ሲለወጥ አቁማችሁ የቆመበትን ቁጥር ታነባላችሁ፤ ከሃምሳ ትቀንሳላችሁ።» እነሱም ደብተራቸው ላይ አሳምረው ይገለብጣሉ። የመጽሐፉ ሥዕል የክብሪት እንጨት ስለሚያክል ቁጥሩ አይነበብም። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። ማን ይጠይቀኛል? ደረቴን ነፍቼ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እዞር ነበር።

አንድ ዓመት የአሶሳው ዩኒቨርሲቲ ከየትምህርት ቤቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በተግባር ፈትኖ አራቱን ለክረምት የላቦራቶሪ ሥልጠና እንደሚወስድ ተነገረን። ከእኛ አንዲት የመንጌ ወረዳ ልጅ ተመረጠች። እናቷ ወርቅ አጣቢ ናቸው፤ እሷም ከእሳቸው ጋር ገበቴ ይዛ ወንዝ ውስጥ ያደገች ናት። ሥልጠናውን ለምን እንደምትፈልገው ስጠይቃት አላንገራገረችም።

«ቲቸር፣ እኛ የምንጠጣው ከዚያው ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሰው መጥቶ እስኪነግረን አልጠብቅም፤ ራሴ እመረምራለሁ።»

መለማመጃ አልነበራትም። ከጤና ጣቢያ አዲስ የግሉኮስ ማንጠባጠቢያ ላስቲክ ለምና አመጣች፤ ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር አያይዛ መስኮት ላይ ሰቀለችው፤ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ በጠብታ ስትቆጥር ሰነበተች። እኔም አጠገቧ ቆሜ «ጎበዝ!» እላለሁ። አስተዋጽኦዬ ይህ ነበር፤ ከዚያም ማታ ማታ «ከሃምሳ መቀነስ እንዳትረሺ»።

የፈተናው ዕለት አጃቢ መምህራን ግድግዳ ተጠግተን አፋችንን ዘግተን እንድንቆም ታዘዝን። ፈታኙ ዕድሜው ከእኔ የሚያንስ ሌክቸረር ነው። ልጅቷ ቢዩሬቱን አጥባ፣ ቤዙን እስከ ላይኛው መስመር ሞላችና ቆም አለች። እኔም ከቆምኩበት አየሁት። ላይኛው መስመር ላይ የተጻፈው ዜሮ ነው። ሃምሳው ከታች፣ ቧንቧው አጠገብ ነው።

ቱቦው የሚናገረው የቀረውን ሳይሆን የወረደውን ነው፤ የሚቀነስ ነገር የለም። ዘጠኝ ዓመት ገልብጬ ስዬዋለሁ።

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። በግራ እጇ ቧንቧውን፣ በቀኟ ፍላስኩን ይዛ፣ ወርቁ ከአሸዋው ጋር እንዳይወጣባት ገበቴ እንደምታዞረው ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠብታ ብቻ አስነካችው። ፈሳሹ ሮዝ ለመሆን ያፈረ መሰለና እዚያው ረጋ። ሌሎቹ ተፈታኞች ጠብታ አብዝተው ፍላስካቸው ውስጥ የከርከዴ ሻይ አፍልተዋል።

ሌክቸረሩ ፍላስኩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና ደስ አለው። ወረቀቷን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«የእጅሽ ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ቢዩሬቱ ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ይላል፤ አንቺ ሃያ ስድስት ነጥብ ስድስት ጽፈሻል። ከሃምሳ ቀንሺ ያለሽ ማነው?»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። «ማንም። ራሴ ተሳስቼ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም በሉ ተብለን የለ? ጥቂት ዝምም ብያለሁ፤ ያን ያህሉ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ድምፄ ራሱን ችሎ ወጣ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያስተማርኳት። ቢዩሬት በቅርብ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሌክቸረሩ በእኔ ፈንታ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ወረቀቱን ተይው። ቱቦውን እይና ንገሪኝ፤ ስንት ወረደ?»

ቢዩሬቱን አየች። ማንበብ አላቃታትም፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። ግን በሰው ፊት የመምህሯን ቃል ልታፈርስ ነው። አሁን ገና ዞራ አየችኝ፤ ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነበር። ልቤ ተነካ።

«የእኔን እርሺው» አልኳት።

«ሃያ ሦስት ነጥብ አራት» አለች።

ሌክቸረሩ በእስክሪብቶው አንድ ጊዜ ሰርዞ አንድ ጊዜ ጻፈ። ከአራቱ አንዷ ሆና ገባች። ከእሷ በፊት ያስተማርኳቸውን ግን «እርሱት» ያላቸው የለም፤ ሁለቱ አሁን ግልገል በለስ ከተማ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ።