የስራ ልምድ ያለው ውሻ

«ቆይ ግን፣ የዚህ ስራው ምንድነው?»

የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ገና በር ላይ። ውሻው በሻርፔ ተጠቅልሎ እቅፌ ውስጥ ነው። የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፣ እሱም ብርቱካን ቢያክል ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠየቀችው ስለኔ መስሎኝ ነበር። ከተመረቅኩ ሰባት ወሬ ነው፤ እቤታችን «ስራ» የሚባል ቃል ሲነሳ የምትሸማቀቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

«ውሻ ነው እማ።»

«ውሻ መሆኑንማ አየሁት። ውሻ ግቢ ይጠብቃል። ግቢ አለን?»

«የለንም።»

«እና?»

እና ምን ልበላት? ቦሌ ልጇን የማስጠናላት ሴትዮ ከሀገር ልትወጣ ስትል «ለሁለት ወር ብቻ ያዥልኝ» ብላ ነው የሰጠችኝ። (ሁለት ወሩ አለፈ፣ ስልኳም ከዚያ ወዲህ አይሰራም። እንኳን ደህና ገባች።) ዘሩ ዮርክሻየር ቴሪየር ይባላል። ከሱ ጋር ማበጠሪያ፣ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽና ሁለት ገጽ መመሪያ አስረክባኛለች። ፀጉሩ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል። አይኑ ላይ የሚወርደው በጎማ ወደ ላይ ይታሰራል። ብርድ አይችልም። ሽንኩርት የነካው ነገር አይበላም፣ ይመርዘዋል። እስቲ አስቡት፣ በኛ ቤት ሽንኩርት ያልነካው ምግብ ምንድነው? ውሃ።

ስለዚህ ሩዝና እንቁላል ይቀቀልለታል። ደግሞ የገባው በሁዳዴ መጀመሪያ ነው። እናቴ ሽሮዋን አቅርባ የሱን ሳህን በጎን እያየች «ጌታው ዛሬ ስንት እንቁላል አዘዙ?» ትላለች።

«ጠበል ያለበት ቤት ውሻ አያድርም» ብላ መጀመሪያ በረንዳ ላይ አደረገችው። በረንዳ ላይ ሲያለቅስ ብሎኩ በሙሉ አላስተኛ አለን አለ፣ እኔ ክፍል ገባ። ከዚያ ውሳኔዋን ነገረችኝ። እስከ ፋሲካ ስራውን ካላየች ዱከም አጎቴ ጋር ይሄዳል። አጎቴ ሰፊ ግቢ አለው። ግቢው ውስጥ ጥጃ የሚያካክሉ ሁለት ውሾች አሉት። የኔውን የሚያዩት እንደ ቁርስ ነው።

ስልኬን ይዤ ለዚህ ፍጥረት ስራ መፈለግ ጀመርኩ። ለራሴ እንደዛ ፈልጌ አላውቅም። እና አገኘሁ! እንግሊዝ ሀገር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰራተኞች ናቸው ይሄን ዘር ያረቡት፣ አይጥ እንዲይዝላቸው። እናቴ ደግሞ እድሜዋን ሙሉ የሰራችው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ነው፣ ፈትል ክፍል።

«እማ፣ ይሄ እኮ የስራ ባልደረባሽ ነው። ቅድመ አያቶቹ ጨርቃ ጨርቅ ነው የሰሩት።»

«ታዲያ ጡረታው የታለ?»

«አይጥ ነው የሚይዘው እልሻለሁ!»

ይሄን ባልል ይሻለኝ ነበር። ማድቤታችን አንዲት አይጥ ነበረችን። በቧንቧው ቀዳዳ እየመጣች የጤፍ ማዳበሪያችንን በልታ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጋዋለች። እናቴ ቁጭ ብላ እጇን ወደ ማድቤት ዘረጋች። «ይኸው አይጥ። ይስራ።»

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አይጧ በማድቤቱ ግድግዳ ስር ዱብ ዱብ እያለች አለፈች፣ ምንም ሳትቸኩል። ባለሙያው አያት። ከዚያ እግሬ ላይ ወጥቶ ሱሪዬን በጥርሱ ያዘና ተንቀጠቀጠ። ቅድመ አያቶቹ ሙያውን ይዘውት ሞተዋል።

በዛው ሰሞን ሳሪስ አንድ መስሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰውየው ወረቀቴን ሳያይ «ልምድ?» አለኝ። «አዲስ ተመራቂ ነኝ፣ ማስታወቂያችሁም ዜሮ ዓመት ነው የሚለው» ስለው «ዜሮ ዓመትም ቢሆን ልምድ ያለው ይመረጣል» አለኝ። ጓደኞቼ ደጋግመው መክረውኛል፣ የሀሰት የልምድ ወረቀት የሚያሰራ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ኩሩ ነኝ፣ እምቢ ብያለሁ። ለራሴ ያላደረግኩትን ለውሻ አደረግኩት።

ሶስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ወጥመድ አጥምዶ ነው የሚያድረው። ጠዋት አንኳኳሁ።

«ዛሬ አይጥ ይዘሃል?»

«አንዷን ይዣለሁ። ምነው?»

«ስጠኝ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺ፣ በጤናሽ ነው?»

«ፌስታል ውስጥ አድርግልኝ።»

«ኧረ በማርያም! ስራ ማጣት እዚህ ድረስ ያደርሳል እንዴ?»

ሰጠኝ። ማድቤት ወስጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። ውሻው የሞተችውንም ፈርቶ ሊሮጥ ሲል አንገቱን ይዤ አጠገቧ አስቀመጥኩትና እናቴን ጠራሁ። ቀዳዳውን ቀድሜ በእቃ ማጠቢያ ሽቦ ደፍኜዋለሁ፣ የኛዋ አይጥ መጥታ እንዳታጋልጠን።

እናቴ በር ላይ ቆማ አየች። ከዚያ «በስመ አብ!» አለችና እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ጎንበስ ብላ፣ ከመጣ ጀምሮ በጣቷ ነክታው የማታውቀውን ውሻ፣ ጭንቅላቱን ዳበሰችው። «ጀግና! እንዲህ ነህ ለካ አንተ? አፌን ቁርጥ ያድርገው!» በሁዳዴ፣ በገዛ እጇ፣ ሁለት እንቁላል ቀቀለችለት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እናቴ በረንዳ ላይ ወጥታ መዝሙር የምታወርድበት ድምጽ አላት። እስከ ማታ ድረስ ብሎኩ በሙሉ ሰማ። በነጋታው ስትነግራቸው አይጧ ሁለት ሆናለች፣ በሳምንቱ አራት። ማበጠሪያውን ከኔ ወስዳ ጠዋት ጠዋት ራሷ ታበጥረዋለች፣ ፀጉሩን በጎማ ስታስርለት «ስራ ላይ አይኑን እንዳይጋርደው» እያለች። ባጃጅ ነጂው ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ «ሰራተኛው እንዴት ነው? እድገት አገኘ?» ይለኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? እናቴ በዛ ቤት ውስጥ በአንድ ሰው መኩራት ፈልጋ ነበር፣ እኔ ያንን ልሰጣት አልቻልኩም፣ እሱ ሰጣት።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት ከታክሲ ወርጄ እቤት ስገባ ሁለቱም የሉም። ማበጠሪያው ሶፋው ላይ ነው። ሹራቡ የለም።

«ወዴት ሄዱ?» አልኳቸው ኮሪደር ላይ ልብስ የሚያሰጡትን ጎረቤታችንን።

«ታች እህል ቤት። እስከ ነገ ሊያውሱት ነው መሰለኝ። ተባረኪ፣ ጥሩ ውሻ አመጣሽ!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የህንጻችን ምድር ቤት እህል የሚነግዱ ሴት አሉ፣ የእናቴ የእድር ጓደኛ። ከሱቃቸው ጀርባ መጋዘን አላቸው። ስደርስ እናቴ ውሻውን በገዛ ነጠላዋ አቅፋ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። ውስጡ እስከ ጣሪያ ማዳበሪያ ነው። ወለሉ ላይ በየጥጉ በካርቶን ክዳን ሮዝ ቀለም ያለው የአይጥ መርዝ ተቀምጧል።

«መርዙንም ለመዱት እኮ» ይላሉ ሴትዮዋ። «አሁንማ ድመቴ ራሷ ትሸሻቸዋለች።»

«ይሄ ድመት አይደለም» አለች እናቴ። «ግባ የኔ አንበሳ።» መሬት አስቀመጠችው።

አንዱ አይጥ በጠራራ ፀሐይ ከማዳበሪያ ወደ ማዳበሪያ ዘለለ። ከውሻው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ውሻው አልጮኸም። ሹራቡን እንደለበሰ ወደ ጥጉ ሄደና ካርቶኑን ማሽተት ጀመረ። ሴትዮዋ በሩን ያዙ።

«እትዬ፣ አይዝጉት!» አልኩና በመሀላቸው ገብቼ ከመሬት አነሳሁት። አፉን ከፍቼ አየሁ። ምንም የለም። ልቡ እጄ ላይ ድው ድው ይላል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ። «ስራውን ይስራ እንጂ!»

ውሻውን አጥብቄ ያዝኩና አየኋት። እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ ስንት ዓመት በማሽን መሀል ሰርታ የተበጠሰ ክር በሩቁ የምታይ ሴት ናት። ፊቷ ላይ ኩራቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት፣ ያ ነው የከበደኝ።

«አንቺ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያቺን አይጥ ማን ነው የያዛት?»

«ሶስተኛ ፎቅ ያለው ወጥመድ።»

እህል ነጋዴዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ ሊስቁ ነው። እናቴ አልሳቀችም።

«እሱ ካልያዛት፣ ታዲያ ምንድነው የሚሰራው?»

«ምንም አይሰራም እማ። ስራ ፈት ነው፣ እንደኔ። አይጥ ይፈራል፣ የሞተች አይጥም ይፈራል፣ ዋሽቼሻለሁ። መጋዘንም አይገባም፣ ዱከምም አይሄድም። ይበላል፣ ይተኛል፣ በር ስከፍት ደስ ይለዋል፣ ስራው ይሄ ነው። አይበቃም ካልሽ ሁለታችንንም አባርሪን።»